የበሩ ሆድ

ነፋስ ነው የዚህ ምድር ባለርስት፣ እኛ ጢሰኞች፤
በፓታጎኒያ ሜዳ ላይ ጥቂት ቤቶች፣ ብዙ በጎች።
ሃያ ስድስት ዓመት ተሳፈረብኝ፣ በመስኮቴ ጠርዝ ገብቶ፣
አሸዋውን ጭኔ ላይ ዘርግፎ፣ በጆሮዬ ዋሽንት ነፍቶ።

ፎርዴ የሰባ አንድ ሞዴል ናት፤ ፍጥነት መቁጠሪያዋ ከሞተ ሰንብቷል፤
በፉጨቷ ነበር የምለካት፦ ስልሳ ላይ ቀጭን ድምፅ ይመጣል፣
ሰማንያ ላይ ሁለተኛ ድምፅ ይቀበላል፤
ከዚያ በላይ፣
ከዚያ በላይ ሄዳ አታውቅም።

ዘንድሮ ሐኪሙ ደረቴን አዳምጦ፣ «ሳንባህ አቧራ ጠግቧል፤
ወይ መኪናህን ጠግን፣ ወይ በእግርህ ሂድ» ብሎኛል።
ሳርሚየንቶ ወረድኩ። ዶሚቲላ ጎማውን በክንዷ ለካች፣
አራት ሜትር ከስንዝር፤ ቆረጠችና ሳቀች፦
«ከመኪናዋ ዋጋ የጎማው ይበልጣል።»
«ከባለቤቷም ዋጋ» አልኳት፤ «ዱቤ ይሰጣል?»

አሮጌው ጎማ ሲነሣ እንደ ቋንጣ ተሰበረ፤
ከንፈሩ ተሰነጣጥቆ፣ መስታወቱን መሳም ትቶ የኖረ።
የበሩን ልባስ የያዙት ስድስት ብሎኖች፤ አምስቱ በሰላም ወጡ፤
ስድስተኛው ዝጓል። ካቻቪቴው አናቱን በላው፤
ፒንሳ አመጣሁ። ስድቤን ጨርሼ ዝም ስል ወጣ።

ያኔ በበሩ ሆድ ውስጥ አንድ ነገር ተንኳኳ።
አውቀዋለሁ ይህን ድምፅ፤ በሩን በዘጋሁ ቁጥር ሲያንኳኳ፣
«የተፈታ ብሎን ነው፤ የሆዱን በሆዱ ይያዝ» ብዬ ያለፍኩት።
በግ እንደሚያዋልድ ሰው እጄን እስከ ክርን ሰደድኩት።
ላሜራው አንጓዬን ቧጨረው።

ቆርቆሮ።
ክብ፣ መሐሉ የተበሳ፣ የዶን ኢሂኒዮ ማኅተም የታተመበት።
ሌላም ቆርቆሮ። ሌላም። አሥራ አንድ።
ኮፈኑ ላይ ደርድሬ ደግሜ ቆጠርኩት።

በሽለታ ሰሞን እንዲህ ነበር፦ ለሸለትከው በግ አንዲት ቆርቆሮ፤
ቅዳሜ ማታ ተቆጥራ ትመነዘራለች፤ እሷ ናት ዳቦ፣ እሷ ናት ኑሮ።
ወንድሜ ኤሌውቴሪዮና እኔ ባንድ ካልሲ አጠራቀምን፣
ካልሲውን ከዚህ መስኮት በላይ ሰቅለን፣ በዚችው መኪና እያደርን።
አሥራ አንድ ጎደለ።
በዚህ በር በኩል የሚተኛው እሱ ነበረ።
ኪሱን ገለበጠ፦ ሰንጢ፣ ትምባሆ፣ የእናታችን መቁጠሪያ።
ሸላቾቹ ሁሉ ቆመው እያዩ
«ጫማህንም» አልኩት።
አወለቀ። አራገፈ። መልሶ አላጠለቀም፤
ጫማውን በእጁ እንደያዘ በኮሞዶሮ መንገድ ሄደ፤ ዞሮም አላየም።
ነዳጅ ጉድጓድ ላይ ሥራ ያዘ አሉ።
የካልሲው ጣት ቀዳዳ እንደነበረው ማን አየ?
ጎማውስ ያኔም አፉን ከፍቶ ይጠብቅ እንደነበር?

ሥራዬን አላቆምኩም። በዚህ ነፋስ በር ከፍቶ አይታደርም።
የሳሙና ውሃ በጠበጥኩ፤ አዲሱን ጎማ በአውራ ጣት፣
ከጥግ ጀምሬ፣ ስንዝር በስንዝር ገፋሁት፤ መስታወቱ አረፈበት።
በሩን ዘጋሁ፦ ዱብ።
እንደ ሀብታም ቤት በር። ሌላ ምንም።

ነዳሁ። ስልሳ ይሁን ሰማንያ የሚነግረኝ አጣሁ።
ሳሌን ሰማሁ። የሰዓቴን ምት ሰማሁ።
«ኤሌውቴሪዮ፣ ተገኙ» አልኩ ጮክ ብዬ፤
የጠፋ በግ ወሬ መሰለብኝ። ደገምኩት ድምፄን ዝቅ አድርጌ፤
አሁንም በግ።
የጫማ ቁጥሩ ስንት እንደነበር ላስታውስ ሞከርኩ፤ ጠፋኝ።

ኮሞዶሮ መገንጠያ ላይ ቆምኩ። ከአሥራ አንዱ አንዷን አነሣሁ፤
ወደ ነበረችበት ልመልሳት፣ በሩ እንደ ድሮው እንዲያንኳኳ፣
በመስታወቱና በጎማው መሐል በጣቴ ገፋኋት።
አዲሱ ከንፈር ገጥሟል፤
አላሳለፋትም።